ሃያ አንድ ከሃያ ሰባት

ድሬ ተኝታለች። ሰው ተኝቷል፣ ፍየል ተኝቷል፣ ባጃጁ ኒም ዛፍ ስር አፍንጫውን ግድግዳ ላይ ደፍቶ ተኝቷል፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ሰሚ አጥቶ ለራሱ ያወራል፣ እኔ ሰርካዲስ ብቻ ሰሌኔ ላይ ተጋድሜ የቬንትሌተሩን ክንፍ እከታተላለሁ፣ አንደኛው ክንፍ በዞረ ቁጥር ቋ ይላል፣ ቋ፣ ቋ፣ የሚያስተካክል ሰው እጠራለሁ እያልኩ ዓመት ሞላኝ። በዚህ ከተማ ቀትር ላይ የማይተኛ ሁለት ሰው ነው፣ ሌባና እብድ፤ ሌባ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ባሌ በዛብህ፣ ነፍሱን ይማረውና የምድር ባቡር ሰው ነበር፣ ከምሳ በኋላ ጫማውን አውልቆ አንዴ «እህ» ካለ እስከ ጅቡቲ ሐዲዱ ቢነቀል አይሰማም፤ እኔም ከጎኑ እንደዛው። የቀትር እንቅልፍ በድሬ ስንፍና አይደለም። ፀሐይዋ ከተማውን ለራሷ ስትፈልገው ሰው ትቶላት ቤቱ ይገባል፣ ጠዋት የተሰዳደቡ ጎረቤቶች እንኳ ተኝተው ሲነሱ የተጣሉበትን ረስተው ውሃ ይጠያየቃሉ።

እንቅልፌን የጣልኩት በርገን ነው። ልጄ ማርቲ ኖርዌይ ስትወልድ ላርሳት ሄጄ ስድስት ዓመት ተቀመጥኩ፣ ዝናቡ ሲዘንብ ይውላል፣ አሁንስ ደክሞት ያባራል ስል ገና መጀመሩ ነው፣ ምሳ በልቼ ጋደም ስል ማርቲ ከሥራ ትደውላለች፣ እማዬ ምን እያደረግሽ ነው፣ ጋደም ብዬ፣ አሞሻል እንዴ፣ አላመመኝም ቀትር ነው እላታለሁ፣ እማዬ እዚህ ቀትር የለም ትላለች። ቀትር የሌለበት አገር። እንደ ተቀጣ ተማሪ መስኮቱ ስር ቀጥ ብዬ መቀመጥ ለመድኩ፣ ጃንጥላ ሲያልፍ ጃንጥላ ሲመጣ አያለሁ፣ ፊት የለም፣ ጃንጥላ ብቻ። በቃኝ ብዬ አምና ስመለስ ሻንጣዬ ደረሰ፣ እንቅልፌ ግን አንዱ አየር ማረፊያ ቀርቷል መሰለኝ፣ እስካሁን ደውሎ ንብረትሽን ውሰጂ ያለኝ የለም። የሌሊቱን አላነሳም፣ ሌሊትማ የትኛዋም አሮጊት ትነቃለች፤ የሚያበግነኝ የቀትሩ ነው። ተመልሼ ሳየው ደግሞ ከዚራ ሰፈር በሩ ነው ያለው እንጂ ሰዉ የለም፣ ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ እኔ ትቼው ወደመጣሁት ሄዷል። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ሻጯ ዲያስፖራ ትለኛለች። እዚያ ስደተኛ፣ እዚህ ዲያስፖራ፣ ሰርኬ የሚለኝ ጎረቤቴ ዳሃቦ ብቻ ቀረች፣ እሷም የምትለኝ ልትሰድበኝ ስትፈልግ ነው።

ይህ ሁሉ የመጣው ከዚያ ከስልኩ ፈተና ነው። ማርቲ እሁድ እሁድ ትደውላለች፣ የልጇን ፊት ታሳየኛለች፣ ኒቆዲሞስ አያትህን ሰላም በል ትለዋለች፣ አንድ ቃል በእነሱ ቋንቋ ይወረውርልኝና ይሮጣል፣ ያሳደግኩት ልጅ፣ በእጄ ጡት ያስጣልኩት። ከዚያ እሷ ትክ ብላ ታየኛለች። እማዬ ድምፅሽ ምነው? ድምፄ አሮጌ ነው። እማዬ ቤቱን ለምን ጨለማ አደረግሽው? ሙቀት ነው፣ ድሬ ተወልደሽ ሙቀት ላስተምርሽ? ብቻዋን ልጅ አቅፋ እዚያ ዝናብ ውስጥ ትቻት የመጣሁት ሳያንስ ስለ እኔ ድምፅ ታስባለች፣ ይህን ሳስብ ደግሞ እናደዳለሁ፣ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም። በሦስተኛው እሁድ በቴሌግራም አንድ ነገር ላከች፣ ስትነኪው ይከፈታል፣ የአእምሮ ጤናሽን ራስሽ የምትለኪበት ነው አለችኝ፣ በአማርኛ ነው፣ ዘጠኝ ጥያቄ ነው፣ ትክክለኛ መልስ የሚባል የለውም፣ የሚሰማሽን ብቻ። ትክክለኛ መልስ የሌለው ፈተና ማን አየ? እኔ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ማታ ማታ ተምሬ ከሰፈሩ ሴት አንደኛ የወጣሁ ነኝ፣ ከመቶ ዘጠና አንድ፣ በዛብህ ወረቀቱን ከሠርጋችን ፎቶ አጠገብ ሰቀለው። ፊደል ይዘገያል እንጂ አያቅተኝም።

መነጽሬን አድርጌ ከፈትኩት። እርስዎ ይለኛል። በድሬ ሰው ሁሉ አንተና አንቺ ነው፣ እርስዎ የሚልሽ ወይ ሊቀብርሽ ነው ወይ ቤትሽን ሊወስድ፣ ገና ሳልጀምር ተጠራጠርኩት። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ለመተኛት ተቸግረዋል ወይስ ከመጠን በላይ ተኝተዋል? ሁለቱን ባንድ ጥያቄ፣ እንደ ሰነፍ ዳኛ። ድሬን ብትጠይቋት ከመጠን በላይ ተኝቻለሁ ትላለች፣ ከተማው ሁሉ በሽተኛ ሊባል ነው። ሰው እስኪያስተውለው ድረስ እንቅስቃሴዎ ዘግይቷል? በግንቦት ፀሐይ የሚጣደፍ ካለ እሱን መርምሩት። ድካም ይሰማዎታል? ዕድሜዬን መጀመሪያ ብትጠይቁ ይህንን ባልጠየቃችሁ። በፊት ደስ ያሰኝዎት የነበረ ነገር አሁን ደስታ ነስቶዎታል? እዚህ ላይ መነጽሬን አወለቅኩ፣ ጠረግኩት፣ መልሼ አደረግኩት። ደስ ያሰኘኝ የነበረው ምን ነበር? ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ሄዶ ሳይገዙ ጨርቅ እየዳሰሱ ከነጋዴ ጋር መጨቃጨቅ፣ አንድ ቀን ሙሉ ስከራከር ውዬ ባዶ እጄን እየሳቅሁ እገባ ነበር። አሁን ታይዋን የት እንዳለ ብቻ አውቃለሁ።

መልሱ አራት ዓይነት ነው፣ በጭራሽ፣ ለተወሰኑ ቀናት፣ ከግማሽ በላይ ቀናት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል። እውነቱን ነካሁ። ለምን እውነቱን ነካሽ ብትሉኝ፣ ፊት የለውማ። በርገን ማርቲ አንዴ ሐኪም ዘንድ ወስዳኛለች፣ ያኔም እንቅልፍ አጥቼ፣ ሐኪሟ ፀጉሯ እንደ ተልባ ገለባ የነጣ ደግ ሴት ናት፣ በስልክ አስተርጓሚ አስመጣች፣ ድምፁ ከጠረጴዛው ላይ ወጣ፣ ጤና ይስጥልኝ እናታችን አለ፣ አወቅኩት። ይትባረክ ነው፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ የሚመታው። ስሜን አልነገሩትም፣ ግን እሱስ የእኔን ድምፅ አያውቅም? ሐኪሟ ስለ ልቤ ትጠይቃለች፣ ይትባረክ እንደ ዜማ አሳምሮ ይተረጉማል፣ እናታችን የተስፋ መቁረጥ ስሜት ይኖርዎት ይሆን? የለኝም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉልበቴን ብቻ ነው በል አልኩት። የጉልበት ቅባት ሰጡኝ። እውነቴን ለከበሮ መቺ አስተርጉሜ እሁድ ፊቱ ላይ ልዘምር? ስልኩ ግን ማንም አይደለም፣ ከበሮ አይመታም፣ ለቅሶ አይደርስም። ዘጠነኛው መጣ፣ በሕይወት ባልኖር ይሻለኝ ነበር የሚል ሐሳብ መጥቶብዎት ያውቃል? ይህ ነውር ነው፣ የሰው እናት እንዲህ ተብላ ትጠየቃለች? እዚህ ከተማ ሰባ ዓመት ያለፈኝ ነኝ፣ ባሌን ቀብሬያለሁ፣ ቄስም ሐኪምም አይቶኛል፣ እንደዚህ ብሎ የጠየቀኝ ነፍስ የለም። ጣቴ ግን ሄዶ ለተወሰኑ ቀናት የሚለውን ነካ። አንዴ ነው የነካው።

ከዚያ ቁጥር መጣ፣ ትልቅ፣ በክብ ውስጥ፣ ሃያ አንድ ከሃያ ሰባት። ሥሩ የተጻፈው ጉንዳን ጉንዳን የሚያህል ነው፣ ማን ያነበዋል፣ እኔ ደስ አለኝ። ሃያ አንድ ከሃያ ሰባት ቀላል ነው? ያለ አስጠኚ፣ በዚህ ዕድሜ። ዳሃቦን ጠራኋት። ዳሃቦ የግቢያችን ሶማሌ ናት፣ አርባ ዓመት ባንድ ግድግዳ ኖረናል፣ ፊደል አልቆጠረችም ግን በአራት ቋንቋ ትሰድባለች።

«ስንት አመጣሽ አልሽ?»

«ሃያ አንድ። ከሃያ ሰባት።»

«ማሻአላህ። እኔንም ጠይቂኝ።»

አነበብኩላት። ትተኛለሽ? አስከሬን ይቀናብኛል። ትበያለሽ? አይታይሽም ወይ፣ ጀርባዬን እይ። በራስሽ ታዝኛለሽ? በልጄ ሚስት ነው የማዝነው፣ ስለ እሷ ጥያቄ የለውም? ዘጠነኛውን ሳነብላት አስተግፊሩላህ ብላ ደረቷን ከፍታ ሦስት ጊዜ እትፍ እትፍ አለች፣ ይህ ስልክ ሸይጧን አለበት፣ ዝለዪው አቦ። በጭራሽ ብዬ ነካሁላት። አራት አመጣች።

«አራት ብቻ?»

«አራት።»

«አንቺ ሃያ አንድ፣ እኔ አራት? በደንብ አልጠየቅሽኝም። ሁሌም እንዲህ ነሽ ሰርኬ፣ ለራስሽ ሙሉ ሰሃን ለሰው ጭልፋ። ድገሚው ወላሂ።»

ደገምኩት፣ አምስት ሆነ፣ አኩርፋ ወጣች። እኔም ለማርቲ እሁድ እስኪመጣ አልጠበቅኩም፣ ራሴ ደወልኩላት፣ አንደኛ ወጣሁልሽ አልኳት፣ ሃያ አንድ፣ ዳሃቦ ሁለቴ ተፈትና አምስት ነው ያመጣችው። ስልኩ ውስጥ ዝም አለ። የመስመሩ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ እላለሁ፣ መስመሩ አይደለም፣ ልጄ ናት አፏን ይዛ የምታለቅሰው፣ ከኋላዋ ዝናቡ ይሰማኛል። እማዬ ቁጥሩ ሲበዛ በሽታው ነው የሚበዛው። ሃያ አንድ ከባድ ነው እማዬ። ከሥሩ ባለሙያ ጋ ሂጂ ይላል እኮ፣ አላነበብሽውም? ወይ ጉድ። ሰው በበሽታ ይኩራራል? ጉድ የሚባለውን ጎረቤት ጠርቼ በገዛ አፌ አወጅኩት። ያን ቀን ማታ መልሼ ከፍቼ ዘጠኙንም በጭራሽ በጭራሽ እያልኩ ነካሁና ዜሮውን ፎቶ አንስቼ ላክሁላት፣ ይኸው ድኛለሁ። እማዬ ማንን ነው የምታታልዪው፣ ስልኩን ነው እኔን? ብላ ጻፈች። ስልኩን ሰሌኑ ላይ ደፋሁት። እናትሽ ነኝ፣ ተማሪሽ አይደለሁም።

ዳሃቦም ነገሩ ገባት፣ እንዴት እንደገባት አላውቅም፣ እኔ አልነገርኳትም። አልሳቀችም። መሳቅ ነበረባት፣ እሷ በዚያች ባመጣቻት አምስት ዓመት ሙሉ ልትሳለቅብኝ የምትችል ሴት ናት፣ አልሳቀችም፣ ያ ነው ያስፈራኝ። ሰርኬ ያቺን ሸይጧን ያለባትን ጥያቄ ምን ብለሽ መለስሽ? በጭራሽ ነዋ፣ ምን ልል ኖሯል? በይ ጥሩ፣ አለች። ከዚያ ወዲህ ጨው አለቀብኝ ብላ ትመጣለች፣ ክብሪት ብላ ትመጣለች፣ ቤቷ በጨው የተሠራ ሴት። አንድ ሼኽ አሉ ቁርዓን ይቀሩልሻል ትላለች፣ የእኛዎቹ ደግሞ ጸበል ይሉኛል፣ ጸበልም ሄጃለሁ፣ ኪዳነ ምሕረት ስሜን ጠርታ የምታውቀኝ ናት፣ ለማርቲ ለምኛት ሰጥታኛለች፣ ግን ወረፋ ላይ ቆሜ ለራሴ ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ። የሚጠየቅ ነገር ማጣት ምን ይባላል? ይህንን ስልኩም አልጠየቀኝ።

ባለሙያ ጋ አልሄድም ብዬ እቀመጥ ነበር፣ ትናንት ውሃው ባይመጣ። በድሬ ውሃ ሲመጣ ሙት ይነሳል። በቀናት አንዴ ነው፣ ሰዓቱን የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው፣ ቧንቧው መጀመሪያ ያስላል፣ ያቺን ሳል ሰው በእንቅልፍ ልቡ ይለያታል፣ ቀትርም ቢሆን ግቢው ባንዴ ይነሳል፣ በርሜል ይንኳኳል፣ ጀሪካን ይሮጣል፣ ዱኒያ የዳሃቦ ልጅ ሚስት እርጉዝ ሆና እንኳ ባልዲ ይዛ ልትቀድመኝ ትሮጥ ነበር እንጂ ቀድማኝ አታውቅም። በሕይወቴ ያመለጠኝ ውሃ የለም። ትናንት ሳሉን ሰማሁት። ነቅቼ ነው፣ ሰሌኔ ላይ፣ ዓይኔ ክንፉ ላይ። ሰርካዲስ ተነሺ አልኩ። በርሜሉ ባዶ ነው። ተነሺ። የሰዉ በርሜል ሲሞላ ድምፁ እየቀጠነ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ያንን ስሰማ ለማን ነው የምሞላው አልኩ፣ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ቆሻሻ ልብስ ቤቴ አሳድሬ የማላውቅ፣ በመቀናናት የሰው በርሜል የምቆጥር ሴት። ውሃው ሄደ። ወደ ማታ ስወጣ በርሜሌ እስከ አፉ ሞልቷል፣ ክዳኑ ተገጥሟል፣ ከላዩ ድንጋይ ተጭኖበታል፣ ድንጋይ የምትጭነው ዳሃቦ ናት። ብትሰድበኝ ኖሮ እተወው ነበር።

ስለዚህ ተነሣሁ። ዛሬ፣ አሁን፣ ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ። ሐኪም ቤቱ የአእምሮ ክፍል እንዳለው ሰምቻለሁ፣ በጓሮ በኩል ነው፣ እዚያ ስትገቢ የታየሽ እንደሆነ ለሰባት ትውልድ ይወራል፣ በቀትር ግን የሚያይ ዓይን የለም። ነጠላዬን ዓይኔ ድረስ ሳብኩ፣ ጥላ ስር የተኛውን የሸረፈዲንን ባጃጅ በጫማዬ አንኳኳሁ፣ ብድግ አለ፣ እማማ እሳት ተነሳ? አልተነሳም፣ ንዳ። ወዴት ነው? ወደ ሐኪም ቤት፣ ጉልበቴን። መንገዱ ባዶ ነው፣ የሱቅ በር ሁሉ ተዘግቷል፣ የደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ እንደ ነጭ ሉህ ተዘርግቷል፣ አንድ ውሻ ብቻ አየን፣ እሱም ዓይኑን አልገለጠም። ብልጥ ነኝ እላለሁ በልቤ። ብልጥ። በጓሮ ገብቼ ክፍሉ ጋ ስደርስ ዝግ ነው። ዘበኛው ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኝቷል። ለካ ሐኪሙም የድሬ ሰው ነው። ለካ እሱም ምሳ በልቶ ጫማውን አውልቆ እህ ይላል። ስድስት ዓመት ቀትር የሌለበት አገር ተቀምጬ ድሬ የተወለድኩት ሴት ይህንን ረሳሁት፣ ኧረ እንዲያው ለዚህስ ብቻ መታከም ይገባኛል። «በዘጠኝ ሰዓት ይከፈታል፣ እናት፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ በይ» አለ ዘበኛው ከኮፍያው ስር፣ እንቅልፉን ሳይፈታ። ቁጭ አልኩ። እመለሳለሁ አልኩ፣ ባጃጁ ሄዷል። ግድግዳው ቀዝቀዝ ይላል። ከአንዱ ክፍል ቬንትሌተር ይሰማል፣ ቋ አይልም፣ ዝም ብሎ ይዞራል፣

የሆነ ነገር ፊቴን ያራግበኛል። በዛብህ መሰለኝ፣ በጋዜጣ ያራግበኝ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ዳሃቦ ናት፣ በሻሿ ጫፍ።

«ከመቼ ጀምሮ እዚህ ነሽ?»

«ከማንኮራፋትሽ ጀምሮ።»

«አላንኮራፋሁም።»

«ዘበኛው ተነስቶ ቦታ ቀየረ አቦ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሸረፈዲን የእህቴ ልጅ አይደለም እንዴ? እማማ ጉልበቴን አለችኝ፣ ግን ጉልበቷ ባጃጄን ሰበረው አለ።»

ተኝቼ ነበር። በቀትር። አፌ ደርቋል፣ ጉንጬ ላይ የነጠላው ጥለት ታትሟል፣ እንደ ድሮዬ። ለካ ዳሃቦ አስመዝግባኛለች፣ በሩ ተከፍቶ ስሜ ከነአያቴ ተጠራ፣ ይህን ያህል ከጮኹ ለምን በሬዲዮ አይሉትም። አንቺ እዚሁ ቆዪ አልኳት ዳሃቦን። ወዴት ልሄድ ኖሯል አለች።

ባለሙያው ወጣት ነው፣ ዐብዱልዓዚዝ እባላለሁ አለኝ፣ ዓይኑ ላይ ገና እንቅልፍ አለ። በሙቀቱ የተነሳ በሩን አይዘጉትም፣ መጋረጃ ነው የሚጋርደው፣ መጋረጃው ደግሞ አጭር ነው፣ ከሥሩ የዳሃቦ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ ይታየኛል። እማማ አንቺ ምን ሆነሽ መጣሽ አለኝ። አንቺ አለኝ፣ ደግ ነው። እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ። አሁን ግን አግዳሚው ላይ ተኝተሽ ነበር፣ አልፌሽ ነው የገባሁት እኮ። ሳቅ አለ። ጥሩ ሰበብ ነበር፣ አዎ ዳንኩ ብዬ ልነሳ እችል ነበር፣ እግሬም ተዘጋጅቷል። ከዚያ ወረቀት አወጣ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት፣ ብሎ ጀመረ። ዘጠኙን። ያንኑ ዘጠኙን፣ ቃል ሳይጥል።

«ይህንን ሁለቴ ተፈትኜዋለሁ» አልኩት። «አንዴ ሃያ አንድ፣ አንዴ ዜሮ።»

«የትኛው ያንቺ ነው?»

«አንተ አስተማሪ ነህ ሐኪም?»

«እየጠየቅኩሽ ነው እማማ። እዚህ ማርክ የለም።»

ማርቲም እንዲህ ነበር ያለችኝ። መለስኩለት፣ አንድ ባንድ፣ እየተነጫነጭኩ፣ ድካሙን፣ ምግቡን፣ ታይዋንን፣ ውሃውን ጭምር፣ ስለ ውሃው ወረቀቱ አይጠይቅም፣ እኔ ግን ነገርኩት፣ እሱም የድሬ ልጅ ነውና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ዘጠነኛው ደረሰ። አነበበው፣ እንደ ሌሎቹ አድርጎ፣ ድምፁን ሳይቀንስ ሳይጨምር። ከመጋረጃው ስር ጫማውን አየሁ። አርባ ዓመት ባንድ ግድግዳ። በሹክሹክታ ልለው እችላለሁ። በጭራሽ ልለው እችላለሁ፣ እሷ በይ ጥሩ ትላለች፣ ነገም ጨው ልትጠይቀኝ ትመጣለች፣ ነገ ወዲያም፣ እኔም አንድ ቀን በሩን አልከፍትላትም።

«ለተወሰኑ ቀናት» አልኩት፣ በሙሉ ድምፄ።

ከመጋረጃው ውጭ እትፍ ያለ የለም። ያለቀሰም የለም። ጫማው ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ይሄዳል ብዬ አየሁት፣ አልሄደም፣ ይልቁንስ ወደ መጋረጃው ቀረበ፣ የዳሃቦ የእግር ጥፍር ላይ ያለው ሂና ጨርቁን ነካ።

«ዛሬስ?» አለኝ ዐብዱልዓዚዝ።

«ዛሬማ ተኝቼ ነበር» አልኩት፣ «እናንተ ቀሰቀሳችሁኝ እንጂ።»